በስንዝር የለኩን እናታችን

ቤተሰቡም ሰፈሩም «እማማ ስንዝር» የሚላቸው እናታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ቁልፍ በመትከል ባላቸውን ያግዙ ከነበሩት እናታቸው በ1934 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበር፤ በመንገድ በኩል ያለው የስፌት ሱቅ፣ የጓሮው መኝታ። መዳህ ሲጀምሩ መርፌ እንዳይውጡ በመቀነት ከስፌት መኪናው እግር ጋር ታስረው ይውሉ እንደነበር ታላላቆቻቸው እስከ እርጅና ድረስ ያነሱባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተከታተሉ። በ1947 ዓ.ም. ግን የአባታቸው ዓይን መድከም ጀመረ። ዓይኑ ለደከመ ሰፊ ጨርቁን የሚሰጥ የለምና አባት ነገሩን ደበቁ። የሜትሩ ቁጥር ሲደበዝዝባቸው እንደ አያቶቻቸው በስንዝር ይለኩ ጀመር፤ መቁረጡን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለልጃቸው ሰጡ።

የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ነበር። አባት ለክተው «አምስት ስንዝር» አሉ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅም በገዛ እጇ አምስት ስንዝር ለክታ ቆረጠች። ሱሪው ሲለበስ ባት ላይ ቀረ።

ሙሽራው ወደ ታች አይተው፣ «ጋሼ፣ ላገባ ነው እንጂ ወንዝ ልሻገር ነው ያልኩት?» አሉ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር አባት መቀሱን አስቀመጡና፣ «እሷን ተዋት፤ የነገርኳትን ነው የቆረጠችው። ዓይኔ ከደከመ ከርሟል፣ ደብቄህ ነው» አሉ።

ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ጨርቃቸውን የወሰዱም ነበሩ። ሙሽራው ግን «እንግዲያው ያበላሸችው ራሷ ታስተካክለው» ብለው ጨርቃቸውን ተዉላቸው። ከዚያው ጨርቅ ከታች አንድ ስንዝር ቀጠለችላቸው፤ ሠርጋቸውንም በዚያው ሱሪ ጨፈሩ። በዚያ ሳምንት አባትና ልጅ እጃቸውን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አስተያዩ፤ የአባት አምስት የልጅ ስድስት ሆኖ ተገኘ። እናታችንም ትምህርታቸውን አቋርጠው ሱቁ ውስጥ ቀሩ። አባታቸው ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ፣ የስፌት መኪናውን በእግራቸው ይነዱ፣ ቁልፉን በዳበሳ ይተክሉ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ጠረጴዛውን ሊጠግኑ መጥተው ሦስት ቀን ከፈጀባቸው አናጺ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አራት ልጆች አፈሩ። የአያቶቻችን ፎቶግራፍ በቤታችን የለም። ልብሳችንን ሲለኩ ግን «ይሄ ትከሻ የአባዬ ነው፤ ቀኙ ዝቅ ይላል። አንገትሽ የእማዬ ነው፣ ኮሌታ አይወድም» እያሉ ያላየናቸውን ሰዎች አሳውቀውናል።

በልብ ሕመም ተኝተው ሳሉ የልጅ ልጃቸው ትምህርት በማቋረጣቸው ይቆጫቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «እንዴት አይቆጨኝ! አባዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈትተው ሳይቀመጡ ሞቱ» አሏት።

በተወለዱ በ81 ዓመታቸው፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። አራት ልጆች፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችና አንድ ታናሽ እህት ቀርተዋቸዋል። ደክሟቸው ነበርና ፈጣሪ ከሚወዷቸው ወላጆቻቸው አጠገብ ያሳርፍልን።