ስለ ወይዘሮ ገነቴ የሰባት ደቂቃ ጥፋት

ለተከበሩ የከተማችን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የገመድ አልባ ኢንተርኔት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደ ቤተ መጻሕፍታችን የዋይፋይ ምልክት ዘወትር ሙሉ እንዲሆን፣ ከምልክቱ በተለየ ደግሞ የሚሠራ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወይዘሮ ገነቴ የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ ነክተዋል ተብለው በመጪው ማክሰኞ ለዲሲፕሊን እንደሚቀርቡ፣ ከሥራ ሊሰናበቱም እንደሚችሉ ሰምቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጋዜጣ ሥራ ስኖር ነገርን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ለምዶብኛልና፣ ከውሳኔው በፊት የኮሚቴው ውለታ እንዳይዘነጋ ከዚህ በታች ዘርዝሬዋለሁ።

1. ባለፈው ጥቅምት አክሰስ ፖይንት የሚባለው ነጭ የዋይፋይ ማሰራጫ በንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሪባን ቆርጠው ስለመረቁልን እናመሰግናለን። ሪባኑ ዛሬም ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። እስከ መጋቢት ድረስ ከዕቃው ያገኘነው ጥቅም እሱ ብቻ ነበር።

2. ለዋይፋዩ ስም ለማውጣት ሦስት ጊዜ ስለተሰበሰባችሁ ምስጋናችን የላቀ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ስሙ በየትኛው ቋንቋ ይሁን በሚለው፣ ሁለተኛው የኮሚቴው ስም አብሮ ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው አለቀ። በሦስተኛው «የከተማችን የዕውቀት ብርሃን ማዕከል» እንዲባል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ዕቃው ከአሥር የአማርኛ ፊደል በላይ አልቀበልም ስላለ ግን በስልኮቻችን ላይ የወጣው «የከተማችን የዕውቀ» የሚል ነበር። ሦስቱንም ቃለ ጉባኤዎች አንብቤያለሁ። ዕቃው ከኢንተርኔት ጋር በምን እንደሚገናኝ የሚጠይቅ አንድ መስመር ፈልጌ ያጣሁት ምናልባት ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።

3. ወይዘሮ ገነቴ ምልክት እንጂ ኢንተርኔት እንደሌለ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ሲያመለክቱ፣ ሥራ በዛብኝ ሳይሉ በአካል መጥተው ስልክዎን ወደ ግድግዳው ከፍ አድርገው፣ «ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ሌላ ምን ይጨመርላችሁ?» ስላሉን እናመሰግናለን። እኛም ሌላ እንዲጨመርልን መመኘታችን ስግብግብነት መስሎን አምስት ወር ምልክቱን እያየን ተቀመጥን። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሐዳሳ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ለመመዝገብ ሦስት ጊዜ በሚኒባስ ሆሳዕና ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄዳ፣ አንዴ መብራት ጠፍቶ፣ አንዴ ወረፋ በዝቶ፣ አንዴ ደግሞ አንድ ሰነድ ጎድሏት ተመልሳለች። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

4. አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ። ወይዘሮ ገነቴ በዚያ ዕለት ጠዋት ከካርቶኑ ውስጥ የመመሪያውን ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ከነፕላስቲኩ ስለነበር ማንም እንዳልደፈረው እመሰክራለሁ። መመሪያው እንዳዘዘው በስልካቸው የዕቃውን ማስተካከያ ገጽ ቢከፍቱ፣ የስሙ ቦታ ተሞልቶ የኢንተርኔት ግንኙነቱ ቦታ በሙሉ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ የግንኙነቱ ዓይነት ባዶ፣ የተጠቃሚ ስም ባዶ፣ የይለፍ ቃል ባዶ። የሚሞላው ሁሉ አገልግሎት ሰጪው በጥቅምት በሰጠን ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ እርስዎ ከፈረሙበት የርክክብ ቅጽ ጋር በስቴፕለር ተያይዞ በፋይል ተቀምጦ ነበር። ሞሉት፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫኑ፣ ዕቃው ጠፍቶ በራ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሐዳሳ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ተመዘገበች።

5. ከተማው ለአሥራ አንድ ቀን ያለ ፈቃድ ኢንተርኔት ሲጠቀም ከቆየ በኋላ ኮሚቴው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለደረሰልን እናመሰግናለን። ለወይዘሮ ገነቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። ዕቃውም «ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ» ተወስኖ አንድ የኮሚቴ አባል በጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው መለሱት። ትእዛዙ ከታሰበው በላይ ተፈጽሟል፤ በሦስት ስብሰባ የወጣው ስም ሳይቀር ተሰርዞ፣ ዛሬ በስልኮቻችን ላይ የሚነበበው የፋብሪካው ስምና አራት ቁጥር ነው። ስሙን እንደገና ለማውጣት አራተኛ ስብሰባ መጠራቱን ስሰማ ስለ ከተማችን ያለኝ ስጋት ሁሉ ቀለለኝ።

ወይዘሮ ገነቴ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤያችሁ ውስጥ ስለሚገኝ ልድገመው፦ «ስሙን አልነካሁትም፤ ባዶውን ነው የሞላሁት።» የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ክሱ ከማክሰኞ በፊት ይዘጋ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም ይሰረዝ። ንብረቱን አምስት ወር ያለ ሥራ ማን እንዳቆመው መጠየቅ ከተፈለገ፣ ተጠያቂዎቹ በሦስቱም ቃለ ጉባኤዎች ግርጌ በገዛ እጃቸው ፈርመዋል።

ለሪባኑ፣ ለምልክቱና ለአሥሩ ፊደል ባለዕዳ የሆንኩት፣ ከማይቆራረጥ አክብሮት ጋር፣

ዕንባቆም ሀንዲሶ
ጡረተኛ ጋዜጠኛ፣ የቤተ መጻሕፍቱ አንባቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ገነቴ ዕቃው እንዴት እንደሚስተካከል በሰባት ደረጃ ጽፈው ሰጥተውኛል። ሌላ ወረቀት በእጃቸው ስላልነበረ የጻፉት እርስዎ በላኩላቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነው። ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ። የመጀመሪያው ደረጃ «መመሪያውን ማንበብ» ስለሚል ኮሚቴው እዚያ ላይ እንዳይቸገር፣ የቀሩትን ስድስቱን እኔ በቃሌ አጥንቻቸዋለሁ።