ስምንት ስልቻ ለርብ ውሃ

ነሐሴ ፫፣ ረፋድ

ደብተሬ፣ ተነሥተሽ ቁሚ። የምነግርሽ ዜና ከባድ ነው። ክቡር ወጠጤ፣ አጎቴ መምሬ ውዱ ከኛ ከወንድማማቾቹ አስበልጠው ያሳደጉት ፍየል፣ ዛሬ ጧት በካራ ዐርፏል። ዕድሜው ሦስት ዓመት። ያለቀሰለት የለም። እሱም በሕይወቱ ለማንም አላዘነም፤ እኔን ብቻ ሁለቴ ወግቶኛል።

የታረደው ለቆዳው ነው። ሰባት ስልቻ ከየቤቱ ለምኜ ሰበሰብኩ፤ ስምንተኛው ጠፋ። አሊ ስምንት ካልሞላ ከቦታዬ አልነሣም አለ። አሊ ከሐይቁ ዳር ያስመጣነው ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገሉን በሦስት አህያ ጭኖ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስር ነበር።

ሥጋው ቸገረን። እኛ ፍልሰታ ላይ ነን፤ አሊ የክርስቲያን እርድ አይበላም። ውሾች በሉት። ጾም የለባቸው፣ ሃይማኖት የለባቸው። ዛሬ ሠርጋቸው ነው።

ታንኳው ለወንድሜ ለታደገ ነው። ጭኑ ውስጥ ጥይት አለ። ከጎተራው ጀርባ ከተኛ ስድስት ቀኑ። ከደ/ታቦር የወጡ ባንዳዎች ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። ድልድዩን ጣሊያን ይዞታል። አርበኞቹም ወጌሻውም ማዶ ናቸው፣ በእብናት በኩል። የቀረን ከገደሉ ሥር ያለው ርብ ነው፤ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ የሚወርድበት። እዚያ ጠባቂ የለም። ሰውም አይሻገርበትማ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ደንገል ብቻውን ለሐይቅ ነው፣ ርብ ይበትነዋል ይላል አሊ። ስለዚህ በየጎኑ ሦስት ሦስት የተነፋ ስልቻ፣ በአፍንጫው አንድ፣ በጅራቱ አንድ። መሐል ላይ ጉልበት የሚገባበት ጠፍር፣ ውሃው እንዳይወረውረን። ከተገለበጠ ጠፍሩን የምንቆርጥበት ቢላ አንገታችን ላይ። ነፊው እኔ ነኝ። ጉንጬ አብጧል። ታደገ ያየኝና ይሥቃል፤ ሲሥቅ ጭኑ ይደማል፤ ሲደማ ይሰድበኛል።

ስልቻዎቹ ደርቀዋል። አሊ ቅቤ አምጡ አለ። መምሬ በፍልሰታ ቅቤ በእጅም አይነካም አሉ። ፍየሉ እኮ ሞቷል፣ የሞተም ይጾማል ወይ አልኳቸው። መቋሚያቸው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ከዜማ ቤት የተባረረ ሰው ስለ ጾም እንደማያስተምራቸውም አስታወሱኝ። በኑግ ዘይት ቀባናቸው።

አሊ ራሱን ነቀነቀ። "ወንዙም የናንተ፣ ዘይቱም የናንተ። እኔ ግን መዋኘት አውቃለሁ።"

ነሐሴ ፭፣ ቀትር

ሞከርነው። አሊና እኔ ብቻ።

ኑጉ ደርቆ ቆዳውን ቅርፊት አድርጎታል። ገና የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሁለት ስልቻ ተተረተረ። እንደ ጥይት ጮኸ። ታንኳው በጎኑ ተኛ፣ ቀጥሎ በጀርባው። ጉልበቴ ከጠፍሩ አልወጣም። ጭንቅላቴ ታች፣ እግሬ ላይ። ድንጋይ ግንባሬን። ድንጋይ ትከሻዬን። ቢላውን አገኘሁ፣ ቆረጥኩ፣ የገዛ ጭኔንም አብሬ።

ስወጣ አሊ ዳር ላይ ተንበርክኮ ደም ይተፋል። መንጋጋው ወደ ጎን ሄዷል። መዳፉ ላይ ሦስት ጥርስ። ከጠፉት ሁለት ስልቻዎች ጋር ብንቆጥራቸው አልኩት። በጥፊ መታኝ። ደግ አደረገ። ታንኳውን ታች ድንጋይ ላይ ተሰክቶ አገኘነው።

ነሐሴ ፮፣ ጧት

ባንዳዎቹ የታችኛውን መንደር አቃጠሉ። ጭሱ ከደጃችን ይታያል። አንድ ሰው ቁስለኛ ደብቀሃል ተብሎ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ከነቤቱ ተለኮሰ። የነገ ተረኞች እኛ ነን።

ታደገ ትኩሳት ይዞታል። እግሩ ይሸታል። ጠመንጃዬን ስጡኝና ጥላችሁኝ ሂዱ ይላል። ዝም በል፣ ለጥይቱ እንኳ አታስብም፣ ጭንህ ውስጥ አንድ አለህ፣ አይበቃህም ወይ አልኩት። አልሣቀም። ፈራሁ።

መምሬ ገቡ። ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘዋል። ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ የተረፉትን ስድስት ስልቻዎች አንድ በአንድ ያሹ ጀመር። እጃቸው እስከ ክርን ራሰ። አሊ መንጋጋው ታስሯል፤ በጣቱ ስፌቱን ያሳያቸዋል፣ እዚህ ጋ ጨምሩ እያለ።

አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። "ይሁኔ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በል ልጄ።"

የስልቻውን አፍ ያዝኩላቸው። ነገ ቅዳሴ አይገቡም። ከቀሰሱ ወዲህ ቀርተው አያውቁም።

ነሐሴ ፰፣ ማዶ

ጽሕፈቴ ቢያስቀይምሽ ይቅር በይኝ፤ በግራ እጄ ነው። በቀኜ ሁለት ጣት ጎድሏል። አንቺ ግን አልረጠብሽም። በአፍንጫው ስልቻ ውስጥ ከነፋሱ ጋር ታስረሽ ተሻገርሽ። ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።

ትናንት ረፋድ፣ ዝናብ ውስጥ ገባን። አሊ ከፊት፣ እኔ ከኋላ የመግፊያውን ዘንግ ይዤ፣ ታደገ መሐል ተጠፍሮ። መምሬ ታንኳውን ገፍተው ለቀቁን። ወዲያው ከገደሉ አፋፍ ተኩስ። ሦስት ባንዳዎች። አንዱ ወርዶ እስከ ወገቡ ገባ፣ የጅራቱን ስልቻ አቀፈ፣ ጩቤ መዘዘ። በዘንጉ ፊቱን መታሁት። አልለቀቀም። ደገምኩት። በሦስተኛው አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ውሃው ወሰደው። መምሬን ዞሬ ፈለግኳቸው፤ ወደ ቁጥቋጦው ሲገቡ ነጠላቸውን አየሁ።

ከዚያ ድንጋዩ። እጄ በድንጋዩና በታንኳው መሐል ነበር። ስልቻዎቹ ግን ያዙ። ተጨፈለቁ፣ ተመልሰው ተነፉ፣ ያዙ። ስድስቱም።

አርበኞቹ ታደገን በቃሬዛ አነሡት። እኔ ከፊት እየሮጥኩ እጮኻለሁ፤ ወንድሜ ሊሞት ነው፣ መንገድ ልቀቁ። የቤ/ክ ቅጥር ስገባ መሮጤን ተውኩ። ሰው ተደርድሯል። ሆዱ የተቀደደ። ሁለት ዓይኑ የሌለ። በመርዝ ጢስ ቆዳው የተላጠ። ወጌሻው የታደገን ጭን ገለጥ አድርገው አዩና "ይኼ ይቆያል" አሉ። የኔን እጅ በጨርቅ ጠቀለሉ። "አንተ ደግሞ ቁመሃል። ውሃ ቅዳ።"

ከሰዓት በኋላ ተራው ደረሰና ጥይቱን አወጡለት። ይተርፋል አሉ።

ወዲያ ማዶ እንደ ታደገ የተደበቁ፣ ገና ያልተሻገሩ አምስት ቁስለኞች እንዳሉ አርበኞቹ ነገሩን። መምሬም እዚያው ናቸው። አሊ ጠፍሩን እያጠበቀ በጣቱ ወንዙን ያሳየኛል። ዛሬ ዘንጉን በግራ እጄ መያዝ ስለማመድ ዋልኩ። ነገ ጧት እንመለሳለን።

ስለ ትናንቱ ግን፣ ያን ሁሉ ጩኸት ጮኼ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንድ ሰው ወንዝ ተሻገረ። ሁለት ጣት ወጪ ሆነ። ትንሽ ነገር ነው።