ለፋና የተሳልኩት

ነሐሴ 14

ኤርፖርት፣ ሪችፊልድ፣ ኤርፖርት። ቀኑን ሙሉ መንገደኛ በሻትል ሳመላልስ ዋልኩ። ዝናብ ነበር። የዛሬ ሥራ፦ ዘይት ማስቀየር፣ የባለቤቴን የሮማንን መድኃኒት ማምጣት፣ ለፋና መደወል። ዘይቱ ብቻ ቀረ።

ፋና ደህና ናት። ሜልበርን ክረምቱ ሊወጣ ነው አለችኝ። ቅዳሜ ጨዋታ አላት። አራተኛ ዓመቷ... ልጄ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ናት ብዬ ለሰው ስናገር አሁንም አፌ ይተሳሰራል። እኛ የምናውቀው ባስኬትቦሏን ነበር። እዚህ ኮሌጅ ስትጨርስ አውስትራሊያኖቹ ቁመቷን አይተው ለራሳቸው አገር ኳስ ጨዋታ ወሰዷት።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል ጸልይልኝ አለችኝ። ከጨዋታ በፊት ሁሌ እንደምትለው።

ነሐሴ 19

በእረፍት ሰዓት ጨዋታውን ለቶኩማ በስልኬ አሳየሁት። አብሮኝ ሻትል የሚነዳ ልጅ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳትጎዳ መጨረሷን ጠይቄ ነው የማየው፣ አለበለዚያ አልችልም። ዳኛው እንቁላል የመሰለችውን ኳስ ወደ ላይ ሲወረውራት የምትዘለው ፋና ናት። ሌላዋ እየዘለለች ጉልበቷን ሆዷ ውስጥ ትሰካባታለች። በእጅም በእግርም ነው። ይጠላለፋሉ፣ ይጣጣላሉ። ራሳቸው ላይ ምንም መከላከያ የለም።

"ጋሽ በሪሁን፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ የመገናኛ ታክሲ ግፊያ?" አለኝ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

መስከረም 11

ራሷን ተመታች። አምና አንዴ፣ አሁን ሁለተኛ። ራሷ ናት ደውላ የነገረችኝ። አይም ፋይን ዳድ፣ አይም ፋይን... እማዬስ የት ናት አለችኝ። ሥራ ናት አልኳት። ትንሽ ቆየችና፣ እማዬስ የት ናት?

እስካሁን የተጎዳችው፦ አፍንጫ። የግራ እጅ ሁለት ጣት። ጉልበት። ራስ። ራስ።

መስከረም 12

ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማንም አልነበረም። የገብርኤል ሥዕል ፊት ቆምኩ። ጤናዋን ጠብቅልኝ ልል ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ከዚህ ጨዋታ አውጣልኝ። ለታኅሣሥ ጥላ አስገባልሃለሁ።"

ሮማንን ስለት ተሳልኩ አልኳት። ምን ብለህ አለችኝ። ስለ ጤናዋ ነው አልኳት።

ጥቅምት 3

ሐኪሞቹ ፈቅደውላት ተመለሰች። እንደ ድሮዋ ነው የዘለለችው። ጎል አገባች፣ ጓደኞቿ ላይዋ ላይ ተከመሩ። ከሥር ስትወጣ እየሳቀች ነበር፣ የጥርስ መከላከያዋ እስኪታይ። ቤት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ መቼ ነው ያየኋት? አላስታውስም።

ስለት ተመልሶ ይወሰዳል እንዴ? ማን ይጠየቃል?

ኅዳር 22

ክለቡ ኮንትራትሽን አላድስም አላት። በስልክ። የጭንቅላቷ ጉዳት አይደለም ምክንያቱ። ከእሷ የምትረዝም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አግኝተዋል። ሌሎቹም ክለቦች ዝም።

አለቀሰች። ካደገች ወዲህ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። በእንግሊዝኛ፣ ቶሎ ቶሎ ነው ያወራችው፣ ሁሉን አልያዝኩትም። አንዱን ግን ያዝኩ። ሜዳ ልትገባ ስትል ሁሌ፣ አባቴ አሁን እየጸለየልኝ ነው፣ ትል ነበር ለካ። ያኔ ፍርሃቱ ይለቃት ነበር።

አይዞሽ አልኳት።

እፎይ ብያለሁ። እሱንም ልጻፈው። ስታለቅስ እየሰማሁ እፎይ አልኩ።

ኅዳር 29

ለቶኩማ ነገርኩት። ለማን ልንገር? እሱ ጴንጤ ነው፣ ስለት ምናምን የለበትም። ሳቀብኝ። ገብርኤል የክለቡ ማናጀር ነው እንዴ፣ ረጅም ልጅ አገኙ አለቀ፣ አለኝ። ከዚያ፣ ለልጅቷ ግን ንገራት አለ።

አልችልም።

ታኅሣሥ 8

ፋና ከመጣች አምስተኛ ቀኗ። ትተኛለች። ትነሳለች፣ ትንሽ ትበላለች፣ ትተኛለች።

ጥላው ደርሷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ያለኝ ምርጫ፦ አንድ፣ አለማስገባት። ስለት አስቀርቼ እሷ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ? ሁለት፣ በሌላ ሰው መላክ። ሦስት፣ አስገብቼ ምን ብለህ ተሳልክ ሲሉኝ ሌላ ነገር ማለት። በታቦት ፊት?

አራት የለም።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ሮማን ፋናን ነጠላ አልብሳ አመጣቻት። ከሴቶቹ ሁሉ በራስ ትበልጣለች። ታቦቱ ዞሮ ሲቆም ስለት ያላችሁ ቅረቡ ተባለ። ከፊቴ አንዲት ሴት ልጇ የመኖሪያ ወረቀት አግኝቶላት ምንጣፍ አስገባች። ቀጥሎ እኔ። ቀሲስ ሐብተማርያም ማይኩን አቀበሉኝ። ምን ብለህ ነበር አሉኝ። በደህና ገባችልኝ ልል ነበር አፌን የከፈትኩት...

"ልጄን ከኳስ ጨዋታ አውጣልኝ ብዬ ተስዬ ነበር። አወጣልኝ።"

እልልታው ቀለጠ። ሮማንም እልል ማለት ጀምራ መሃል ላይ አቆመች። ፋናን አየኋት። በአማርኛ አትመልስም እንጂ ትሰማለች። የማያውቋት ሴቶች ትከሻዋን ይዘው እየሳሙ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል። ቆማ ተሳመች።

ቤት ስንደርስ ጫማዋን እያወለቀች፣ በአማርኛ፦

"እንኳን ደስ አለህ፣ አባዬ።"

ታኅሣሥ 20

ከክፍሏ አልወጣችም።

ታኅሣሥ 24

ለሮማን መስከረም ላይ የዋሸኋትን ነገርኳት። አውቃለሁ፣ ሰማሁ እኮ፣ አለችኝ።

የካቲት 6

ፋና ሜልበርን ተመለሰች። ታች ሊግ ውስጥ አንድ ቡድን ተቀብሏታል። ክፍያው ምንም ማለት ይቻላል፤ ቀን ጂም ውስጥ ልትሠራ ነው። እኔ ነኝ ኤርፖርት ያደረስኳት። እጸልይልሻለሁ ልል ስል ቀደመችኝ።

"ዶንት ፕሬይ ፎር ሚ፣ ዳድ። ጀስት ዎች።"

አትጸልይልኝ፣ እየኝ ብቻ ማለቷ ነው። አቀፈችኝ ግን። እቅፏ አጭር ነበር።

ሚያዝያ 9

እዚህ ዓርብ ማታ፣ እዚያ ቅዳሜ ጠዋት። ጨዋታዋን በቀጥታ አየሁት። ደህና መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ። ሜዳው ትንሽ ነው፣ ተመልካቹ ውሻ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ሁለት ሴቶች ከሁለት በኩል መጡባትና ወደቀች። አልተነሳችም። እጄ ለማማተብ ከፍ አለ። መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ሌላ ቦታ ሄደ። ሮማን ምን ሆነች አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ካሜራው ሲመለስ ቆማለች፣ ጎኗን ይዛ። ኳሷ ወደ ላይ ስትወረወር ዘለለች።

ሲያልቅ ቴክስት አደረግሁላት። ስትወድቂ አየሁ፣ ስትነሺም አየሁ፣ አልኳት።

አንብባዋለች ይላል ስልኩ። እስካሁን አልመለሰችም።