የእኔ ምልክት ታንኳ ነበር

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም የብርጓል፣ እንፍራንዝ። ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ ጣናም ማጉረምረም ጀምሯል።

ለሸንጎ ከቀረብነው ሦስት ዕጩዎች ሴቷ እኔ ብቻ ነበርሁ። ማንበብ የማይችል እንዲለየን ለእኔ የታንኳ፣ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር የፋኖስ ሥዕል ተሰጠን። እኔን የፋብሪካው ፈረቃ ስለያዘኝ ባለቤቴ ክንዱ፣ «አይዞሽ፣ እንጨት ሻጮቹን እኔ አስረዳልሻለሁ» ብሎ ቤት ለቤት ዞረልኝ። እኔም መረቅሁት።

ተሸነፍሁ። ውጤቱ ሳይነገር ግን እንጨት ሻጯ ጎረቤቴ ውዴ እልል እያለች መጥታ፣ «ሁላችንም ፋኖስሽን መረጥንልሽ!» አለችኝ።

«ፋኖስ ነው ያላችሁ ማን ነው?» ብላት፣ «ባልሽ ነዋ!» አለች። ሳምኋት እንጂ ምን እላታለሁ?

ክንዱ ደኅና ነው። ሊቀ መንበሩ ጸሐፊ አድርጎታል፤ አዲስ ኮትም አሰፍቷል። እራቱን አቀርብለታለሁ፤ ስለ ምርጫው እሱም አያነሳ፣ እኔም አላነሳ።

የእናታችን ቤት ቁልፍ አሁንም አንቺ ዘንድ ነው? ጣራውስ ያፈሳል? እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። መልሱን በፋብሪካው አድራሻ ላኪልኝ፤ ወደ ቤት አትላኪው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እኅትሽ ወለላ