ከተመታ በኋላ ለተሻሻለው የባለቤቴ ጭንቅላት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ክዊስት
የኢሪ ላንተርንስ ክለብ ዋና ሐኪም
ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ማክሰኞ በሰጡን የ‘መጫወት ይችላል’ ወረቀት ላይ ስምዎን ከነማዕረግዎ ሳይዘነጉ፣ እጅዎም ሳይንቀጠቀጥ መፈረምዎን አይቼ ደህና መሆንዎን ተረድቻለሁ፤ እንደዚሁ ያቆይዎ። ቤተሰብዎም የሐይቁ ብርድ ሳይነካቸው ክረምቱን እንዲሻገሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኢሞጂን ታርቨር እባላለሁ፤ በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ በትከሻውና በግንባሩ ሲያስቆም ዘጠኝ ዓመት የኖረው የ54 ቁጥሩ የዌንደል ታርቨር ሚስት ነኝ። እሱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔን የሚያውቁኝ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናቸው። በጋዜጣ የምጽፍልዎ በድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አንደኛ፦ ስለዚያ ወረቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ ባለቤቴ መቶ ሠላሳ ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር ግንባር ለግንባር ተላትሞ ወደቀ፤ ተነሥቶም ከተጋጣሚዎቻችን ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠና ውሃ ስጡኝ አላቸው። ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ “አይ ታርቨር! ክለብ ቀየረ እንዴ!” እያለ ቢራውን ትከሻዬ ላይ እስኪደፋው ድረስ ሳቀ። ለወጉ ያህል እኔም ፈገግ አልኩ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ እርስዎ ፈተኑት፤ በነሐሴ ከአሥራ ሁለት ቃላት አምስቱን ብቻ ያስታወሰ ሰው አሁን ስድስት ማስታወሱን አረጋገጡና እጁን ጨብጠው “እንዲያውም ተሻሽለሃል፤ እሑድ ትጫወታለህ” አሉት። እስከ ዛሬ የሕክምና ዓለም ሳያውቀው የኖረውን፣ ጭንቅላትን መመታት ለማስታወስ እንደሚረዳ፣ እርስዎ በመጀመሪያ ስላገኙት እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፦ ከዚህ ምስጋና ግማሹ ለእኔ ይገባኛልና ይፍቀዱልኝ። በዚህ ስፖርት ተጫዋቹ ሁሉ የሚያውቀው፣ እርስዎም አያውቁትም ብዬ ልሰድብዎ የማልደፍረው ልማድ አለ፤ ይኸውም የውድድር ዘመኑ ሳይከፈት የሚሰጠውን የአእምሮ ፈተና አውቆ መውደቅ ነው። ጤነኛ ሳለ ዝቅ ያለ ውጤት ያስመዘገበ ሰው፣ በኋላ ቢመታም ከራሱ ጋር ሲመዛዘን ደህና ይመስላል፤ ከሜዳም አያስቀሩትም። ዌንደል ገና ጀማሪ ሳለ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ጥግ አስይዞ “ስማ አንተ፣ ዛሬ ጎበዝ ከሆንክላቸው ነገ በጉብዝናህ ይይዙሃል” አለው። ያስጠናሁት ግን እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ልጆች ትክክለኛውን መልስ እንዲሰጡኝ ስለፋ የምውል አስተማሪ፣ የማእድ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ካርድ ደርድሬ አንድ ትልቅ ሰው እንዲሳሳት አሠለጠንኩ። “አምስት በቃህ፤ ከዚያ ከወረድክ ኮምፒውተሩ ይነቃብሃል” እለው ነበር። እሱ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ቃላት ከታች ወደ ላይ ጭምር ይወርድልኝና “መምህርት፣ እንደኔ ያለ ደደብ አስተምረሽ ታውቂያለሽ?” ብሎ በሳቅ ይገድለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ጤናችንን ደበቅን።

ሦስተኛ፦ ማክሰኞ ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ በር ላይ ተቀብዬ “ስድስት ማለትህ ጥሩ አደረግህ፤ የቀሩትን ደብቀህ ነው አይደል?” አልኩት። “የምን መደበቅ?” አለኝ፤ “ያለኝን ሁሉ ነው የሰጠሁት።” ቀልዱን መሰለኝና የነሐሴን ካርዶች አውጥቼ አንድ በአንድ አሳየሁት፤ ሎሚ፣ መርፌ፣ ድልድይ፣ ኮርቻ እያልኩ አሥራ ሁለቱን ጨረስኩና “አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ሁሉንም በልልኝ” አልኩት። ስድስት ቃል ብሎ አቆመ። “ሌሎቹስ?” አልኩት። “የትኞቹ ሌሎች?” አለኝ። እስኪስቅ ጠበቅሁት፤ አልሳቀም። ክቡር ዶክተር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተበተኑ አደሩ።

ከዚያ ወዲህ እየፈራሁ ነው የምውለው። ረቡዕ መኪናውን ከጋራዣችን ፊት አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ሩብ ሰዓት ሲቀመጥ በመስኮት አየሁትና ወጥቼ ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው “አረንጓዴ እስኪበራ ነዋ” አለኝ። ሐሙስ ጧት ደግሞ እናቱ ወይዘሮ ቨርኒስ ከጆርጂያ ደወሉ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ “አንቺ ልጅ፣ ልጄን ምን ነካብኝ? ‘አባባን አገናኚኝ’ ይለኛል እኮ! ምን ልበለው? ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል አልኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ” አሉኝ። አባቱ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ሣጥናቸውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ዌንደል ነበር።

አራተኛና የመጨረሻ፦ ባለቤቴ ይህን ለማንም እንዳልናገር እጄን ይዞ ለምኖኛል። “ኢሞ፣ ይህችን ዓመት ብቻ፤ አሥር ልሙላ። ሄልሜቴን ከወሰዱብኝ እኔ ማን ነኝ?” አለኝ። ሆኖም የነሐሴው ውጤት ውሸት መሆኑን፣ አስተማሪዋም እኔ መሆኔን በዚህ ጋዜጣ በስሜ እመሰክራለሁ። ሊጉ ሊቀጣው ይችላል፤ እኔንም ትምህርት ቤቱ ያሰናብተኝ ይሆናል፤ ዌንደልም ዳግመኛ ዓይኔን ላያየው ይችላል። ቢሆንም እሑድ አንድ ሰው እንደገና ግንባሩን ቢመታው ከስድስቱ ቃላት ስንቱ እንደሚተርፍ ሳስበው ይህን ሁሉ መቀበል እመርጣለሁ። እርስዎ እስከ ትናንት አላወቅሁም ማለት ይችሉ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ኢሪ ከተማ በሙሉ ማወቅዎን ያውቃል። እባክዎ አያሰልፉት።

በአንድ ሐሰተኛ ወረቀት ላይ ከእርስዎ እኩል እጇ ያለበት፣ ለብዕርዎ ፍጥነት ያላትን አድናቆት ዝቅ ብላ እየገለጸች፣ እርስዎ ግን ዘመንዎን ሁሉ የአባትዎን መቃብር ሳይረሱ እንዲኖሩ የምትመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ኢሞጂን ታርቨር

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ለዌንደል አላሳየሁትም። ጋዜጣ ማንበብ የሚጀምረው ከስፖርት ገጹ ስለሆነ ቁርስ ላይ ያገኘዋል። “ከነሕይወቴ ቀበርሽኝ” ብሎ ቢጮህብኝ፣ ሻንጣውን ይዞ ቢወጣም እንኳ፣ እሰየው ነው የምለው። የምፈራው እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ ጋዜጣውን በወግ አጥፎ፣ “ምስኪን! ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ የት ክለብ ነው የሚጫወተው?” ብሎ እንዳይጠይቀኝ ነው።