ቀኝ ጆሮ ከየት ወገን ሲታይ

ሜክሲኮ ከተማ፣ ሰኞ ጠዋት

ይድረስ ከእናት ባልተናነሰ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ።

እታለሜ፣ ይህ ወረቀት ከእጅሽ ሲገባ ሳልሽ ለቆሽ፣ ጉልበትሽም በርትቶ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። ለባለቤትሽ ለኤሌውቴሪዮ አክብሮቴን አቅርቢልኝ፤ ከመሰላሉ ከወደቀ ወዲህ ወገቡ እንዴት እንደሆነለት ማወቅ እሻለሁ። አክስቴን ኤርሜሊንዳን ሁለቱንም ጉንጮቿን፣ የክርስትና እናቴን ፔትሮናን ደግሞ እጇን ሳሚልኝ። አጎቴ ክሬሴንሲዮ አሁንም በሰው ፊት «የእኛ ዶክተር» እያለ የሚያነሣኝ ከሆነ፣ ቀልዱ ይበቃዋል በይልኝ፤ ሥራዬ የአይጥ ቤት ማጽዳት እንደሆነ እሱም ያውቃል። ሲትላሊ ጥርስ አወጣች? ናቦር ትምህርቱን እንዳይተው፤ እንደ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን እንደሚፈጅበት ንገሪው።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እህሉ ግን አይወርድልኝም፤ ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ፣ ከተነሣሁበት እቀመጣለሁ። በሱቁ ስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለሱቁ በድምፅ ማጉያ ሲጠራሽ ግማሹ መንደር ተከትሎሽ ስለሚመጣ፣ በወረቀት ይሻላል ብዬ ወደ መንደራችን ለሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር አደራ ሰጠሁት።

ስለ ዶክተር ኖኤሚ ከዚህ ቀደም ጽፌልሻለሁ። ዶክተር የምንላት ለአክብሮት ነው እንጂ ገና አልሆነችም። የምትማረው የሁለት ሰው ትምህርት ነው፤ መጀመሪያ ሕክምና ተማረች፣ ከዚያ ምርምር ልትሠራ ከሆስፒታሉ ወጥታ አራት ዓመት እኛ ዘንድ ወደ ምርምሩ አይጥ ቤት ወረደች፣ የምርምሩን ማዕረግ ስታገኝ ደግሞ ወደ በሽተኞቹ ተመልሳ ሕክምናውን ትጨርሳለች። አብረዋት የጀመሩት ዛሬ ሕፃን ያዋልዳሉ። በመተላለፊያው ሲያገኟት «የአይጦቹ ሐኪም፣ ታማሚዎችሽ እንዴት አደሩ?» ይሏታል። እሷም «ከእናንተዎቹ ይሻላሉ፤ ያልተመቻቸው እንደሆነ ይነክሳሉ» ትላቸዋለች። አለቃዬ ዶን ፉልሄንሲዮም አይምራትም። «ዶክተርዬ፣ ሁለት ጊዜ ዶክተር የሚሆን ሰው እንቅልፉም እጥፍ ነው?» ቢላት፣ «አንዱን ነው ለሁለት የሚካፈሉት» አለችው።

እጇ ሕክምናውን እንዳይረሳ በየረቡዑ በሽተኞች ወደተኙበት ክፍል ትወጣለች። አንድ ረቡዕ ተመልሳ በመኖው ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ኩላሊቱ የሞተበት ሸንኮራ ቆራጭ አይታ ነው የመጣችው፤ ዕድሜው ሠላሳ አንድ። መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ ብጠይቃት «ለአይጥ አለ» አለችኝ። ቀጥላም «ሁለቱን የምማረው ለዚህ ነው። መድኃኒቱን የሚፈትነው እጅና የበሽተኛውን እጅ የሚይዘው እጅ አንድ ከሆነ መዋሸት ይከብደዋል» አለችኝ።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልንገርሽ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ኩላሊታቸው የታመመ አይጦች በሁለት ይከፈሉና ገሚሶቹ መድኃኒት ያለበት ውኃ፣ ገሚሶቹ ባዶ ውኃ ለሦስት ሳምንት ይጠጣሉ። በኋላ በአንድ ቤት ስለሚቀላቀሉ አስቀድሞ ጆሯቸው ይበሳል፤ መድኃኒት የጠጣው ቀኙን፣ ባዶ ውኃ የጠጣው ግራውን። በተቀጠርሁ በሁለተኛው ወር ዶን ፉልሄንሲዮ ታሞ ቀረና የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ሃያ አራት አይጥ፣ ብቻዬን በሳሁ። የሠራሁት አባታችን በበረቱ በር ላይ ተንበርክኮ የፍየሎቻችንን ጆሮ ለምልክት ሲበጣ እንዳየሁት ነው። ፍየሏ አስነጥሳ ጢሙን ስታረጥበውና እኛ በሣቅ ስንንፈራፈር ታስታውሺያለሽ። እኔም እያንዳንዱን አይጥ አፍንጫውን ወደ አፍንጫዬ አዙሬ፣ በቀኝ እጄ በኩል ያለውን ጆሮ ቀኝ ብዬ በሳሁ።

ዶን ፉልሄንሲዮ ድኖ ሲመለስ ሁለተኛውን ረድፍ ስጀምር ደረሰብኝ። «አንተ የተራራ ሰው፣ ከአይጡ ጋር ልትሳሳም ነው? ከጭራው ወገን ሁን፤ ቀኝ የሚባለው የአይጡ ቀኝ ነው እንጂ ያንተ አይደለም» አለኝ። ሣቅሁና አዞርሁት። ስለ መጀመሪያዎቹ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስሁም ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዶክተር ኖኤሚ «የሚመጣው ሳምንት ዓርብ አምስት ፕሮፌሰሮች ፊት ቆሜ እፈተናለሁ፤ ለእናንተ ከገባችሁ ለእነሱም ይገባቸዋል» ብላ በምሳ ሰዓት ንግግሯን ተለማመደችብን። በአምስት ረድፍ አይጦች ላይ መድኃኒቱ ኩላሊት አዳነ። በመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነገሩ ተገለበጠ፤ መድኃኒት የጠጡት ባሰባቸው፣ ባዶ ውኃ የጠጡት ተሻላቸው። «ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ረድፍ ይጥለው ነበር፤ እኔ ግን ምሥጢሩን እንዲነግረኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንሁት» አለች። እነዚያ አይጦች ከሌሎቹ በዕድሜ ያንሱ ነበርና፣ መድኃኒቱ ለጋ ኩላሊት ይጎዳል የሚል ሙሉ ምዕራፍ ጻፈችበት። የሚመሯት ፕሮፌሰር ከሥራዋ ሁሉ ይህን ምዕራፍ አስበልጠውታል። ወጣት በሽተኛ ይህን መድኃኒት እንዳይነካው የሚል ምክርም አለበት። ዶን ፉልሄንሲዮ የሚበላውን የበቆሎ ታማል አስቀምጦ «ዶክተርዬ፣ አይጦቹ ራሳቸው የማያውቁትን እርስዎ አወቁባቸው» ብሎ አጨበጨበላት። እኔ ግን ያን ረድፍ ማን እንደበሳው አስታወስሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከበሯ ቆሜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ራሷ ከፈተችና «ምነው፣ አይጥ አመለጠህ?» አለችኝ። «የለም፣ መጥረጊያ ፈልጌ ነው» አልኋት። መጥረጊያው በእጄ ነበር። አይታው በሯን ዘጋች።

ብናገር ምዕራፉ ይፈርሳል፣ ፈተናው ይዘገያል፣ ሆስፒታሉም በነሐሴ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ አንድ ዓመት ያስጠብቃታል። የእኔም የቋሚነት ወረቀት በዚህ ወር ሊፈረም ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዝም ብል ደግሞ፣ እታለሜ፣ ያ ሸንኮራ ቆራጭ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አባታችን ጆሮ ሲበጣ ከፍየሏ ፊት ነበር የሚሆነው ወይስ ከኋላዋ? እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ልጅ ደግሞ ይሳሳታል። ከኋላ ከነበረ እኔም ከኋላ ሆኜ በስቻለሁ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ትክክል ነው፣ እሷም ልክ ናት፣ ሁላችንም እናርፋለን። ወደ በረት ወርደሽ አሮጌዎቹን ፍየሎች መመልከት አያስፈልግሽም፤ የምታስታውሺውን ብቻ ጻፊልኝ። አንድ ቃል ይበቃል።

ሾፌሩ ሐሙስ በቀትር እዚህ ይደርሳል። በእጁ ምንም ካልመጣልኝ «ከፊት ነው» እንዳልሽኝ ቆጥሬ፣ መጥረጊያዬን ታች ትቼ ሁሉን ልነግራት ወደ ዶክተር ኖኤሚ እወጣለሁ። «ከኋላ ነው» ብለሽ የምትጽፊልኝም ከሆነ፣ እባክሽ ለእኔ አዝነሽ አትጻፊው።

የሶሌዳድ እመቤታችን ቤትሽን ከእሳት፣ ልጆችሽን ከክፉ ዓይን ትሰውርልሽ። አጠገብሽ ሆኜ ማገዶ እንኳ የምፈልጥልሽን ቀን ታሳየኝ።

እጅሽ ላይ ያደግሁት ታናሽ ወንድምሽ ነኝ።

መልስሽን በዚያው አውቶቡስ ላኪልኝ።