ኖራ የተቀቡት ጽዶች

ሐሙስ፣ መስከረም 13

ከእኔ ቀጥሎ የዚህን የእግር መንገድ ኮሚቴ በሰብሳቢነት ለምትረከበው፣ ስምህን ገና ለማላውቀው ወንድሜ፦ ይህን የምጽፍልህ መንገዱን በምን ዓይነት ሰው መካከል ሆነህ እንደምትጠብቅ አስቀድመህ እንድታውቅ ነው። እኔ ሳይነገረኝ ገባሁበት። አንተ ተነግሮህ ግባ።

ዛሬ ከኪዳን ስመለስ ጽዶቹን ተቆርጠው አገኘኋቸው።

ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ ያለው ይህ መሬት ባቡር ይመጣበታል ተብሎ የተለካ ነው። ችካል ተተከለ፤ አፈሩ ተደለደለ፤ ባቡሩ ቀረ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «ባቡሩ» ይለዋል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ጠርዙን በድንጋይ አጥረን፣ ቦይ ቀደን፣ ገረጋንቲ አልብሰን የእግር መንገድ አደረግነው። ሽማግሌው ወገቡን ያፍታታበታል፤ ሯጩ ይሮጥበታል፤ ተማሪው ከጭነት መኪና ተጠብቆ ትምህርት ቤቱ ይደርስበታል። ጽዶቹ የዚህ መንገድ ጌጥ ነበሩ። ከችግኝነታቸው ጀምሮ ቅርንጫፋቸውን እየመለመልኩ ቀጥ አድርጌ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ለዘመን መለወጫ ግንዳቸውን ከሥር እስከ ጉልበት ኖራ ቀብተናቸው ነበር። አሁን ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ከመሬት አስጠግተው ስለ ቆረጡ ኖራው እንኳ ከግንዱ ጋር ሄዷል።

በቀጥታ ወደ መንገዱ አፍ ገሰገስኩ። ባጃጅ እንዳይገባ የብረት ቋሚ ካስተከልኩ ወዲህ እዚያ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ጠላቶቼ ናቸው። ቶለሳ የሚባለው ቋሚውን ሁለት ጊዜ አጣሞብኛል። ሰው በተሰበሰበበት «ዛፉን የቆረጥህ አንተ ነህ፤ ሌባ!» አልኩት።

«መሪጌታ፣ ዛፍ በባጃጅ ይጫናል?» አለኝ።

ሌላው ከኋላ «ባቡሩ ይሆናል የጫነው! ጠዋት ሲያልፍ ጡሩንባውን አልሰሙም?» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አሳዳጊ የበደላቸው መሆናቸውን ነገርኳቸው። አልጸጸትም።

ዓርብ፣ መስከረም 14

የፈራሁት ደረሰ። ኦቦ ድሪባ መጡ።

መንገዱ ከወንዙ ሳይደርስ የኦቦ ድሪባን ማሳ ጠርዝ ይዞ ያልፋል። ጽዶቹም የነበሩት እዚያው ነው። መሬቱን ሲለቁልን በሽማግሌዎች ፊት የተናገሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ፦ «ኮሚቴ ዛሬ ይተክላል፣ ነገ ይቆርጣል። ዛፉ እስከ ቆመ ድረስ መሬቱ የመንገዱ ነው። የተቆረጠ ቀን አርሰዋለሁ።» አንድም ዛፍ አይቆረጥም ብዬ በሁሉም ፊት ቃል የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጉቶዎቹን እየዞሩ በእጃቸው ዳሰሱ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«መስቀልን አክብር» አሉኝ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንተ ይሉኛል። «በማግስቱ በሬዎቼን አመጣለሁ። የእርሻው ጊዜ እያለፈ ነው።»

«ኦቦ ድሪባ፣ ቆራጩን ላምጣልዎና በእሱ ይፍረዱ።»

«ቆራጩን ምን አደርገዋለሁ? ቃል የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ቃል ይጠበቃል እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ቃልዎን አጥፈው ይማሩኝ ብዬ ልለምን? አልለመንኩም። ከታረሰ መንገዱ ከመካከሉ ይቆረጣል። ልጆቹ እንደ ድሮው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፤ ከጭነት መኪናው ጋር ይጋፋሉ። የዚህ ሁሉ ልፋት መጨረሻው ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 15

የገበያ ቀን። እንጨት ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩ፤ እርጥብ ጽድ የለም። የመንደሩን ሰው ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም። በዚህ ከተማ የሰው ዓይን የሚሠራው የጎረቤትን ድስት ለማየት ብቻ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ በታች ቦዩ በውኃ ጠርሙስ ተደፍኗል። ለመቀመጫ ብለን ያጋደምነውን ግንድ ፍየል ነጋዴ ማሰሪያ አድርጎታል፤ ምን ብዬ እንዳባረርኩት አልጽፍም። ለኮሚቴው አባላት ሁሉ ደወልኩ፤ አንዱ በግ እየገዛ ነው፣ አንዱ አዲስ ዓለም ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ አንዱ አያነሣም። ቦዩን ብቻዬን ጠረግሁ። ውኃው ወረደ። ዛሬ የቀናኝ ይህ ብቻ ነው።

ባለቤቴ አስካለ ጭቃዬን አይታ «ያየህን ሁሉ ስትሰድብ እየዋልክ መንገዱን ማን ይጠብቅልህ?» አለችኝ። ምግቡን ትቼ ተነሣሁ።

እሑድ፣ መስከረም 16

ቆራጩ ተገኘ።

ደመራው በአደባባዩ ቆሟል። ከካህናቱ ጋር መቋሚያዬን ይዤ ዙሪያውን እየዞርን ስናዜም ከአደይ አበባው ሥር ነጭ ነገር አየሁ። አለፍኩት። በሁለተኛው ዙር ቆምኩ። ኖራ ነው። ጽዶቼ በደመራው መካከል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዜማው ከአፌ ተቋረጠ። መሪ ሲያቆም ተከታዩ ይዛነፋል፤ ተዛነፈ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች የሚመራውን ሀብታሙን ክንዱን ይዤ ወደ ዳር ሳብኩት። ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«የኔታ፣ እርስዎ እኮ ነዎት።»

«እኔ!»

«ዓምና እዚሁ ደመራው ፊት አዋረዱን። ‹ለመስቀል ጠማማ ጭራሮ ታመጣላችሁ? ለቤታችሁ ማገር ቢሆን ቀጥ ያለውን አትመርጡም ነበር?› አሉን። ዘንድሮ ቀጥ ያለ ፈለግን። ከእርስዎ ጽዶች በቀር ቀጥ ያለ አጣን። ኖራ ተቀብተው ስናያቸው ደግሞ ለበዓሉ ያዘጋጇቸው መሰለን። በድንገት አይተው ደስ እንዲልዎት ብለን ነው ያልነገርንዎት።»

በጥፊ ልለው እጄን አነሣሁ። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ዓይኔን ዓይኔን እያየ ምስጋና ይጠብቃል! እጄን መለስኩ። ደመራው ይፍረስ፣ ጽዶቼ ይውጡ ልል አፌን ስከፍት መምሬ ተክሌ ቀርበው «መሪጌታ፣ ሕዝቡ ቆሟል» አሉኝ። ተመልሼ አዜምኩ። በንዴት አዚሜ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አዜምኩ።

እሳቱ ሲለኮስ ጭራሮው ወዲያው ነደደ። ጽዶቹ ግን እርጥብ ናቸውና እንቢ አሉ። ጭሳቸው በካህኑም፣ በሹሙም፣ በሕዝቡም ዓይን ገባ። ይግባ አልኩ። በእኔም ገባ።

ሰኞ፣ መስከረም 17

እነዚህ ልጆች ሞኞች ናቸው። የነገርኳቸውን ያለ ማስተዋል የሚፈጽሙ ሞኞች። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ስል አደርኩ፤ ሲነጋ ግን ነገሩ በእነሱ ላይ አልቆም አለ። በአደባባይ ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ። ኖራውን ያስቀባሁትም እኔው ነኝ።

ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣሁ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። በሰው ፊት የሰደብኩትን በጓዳ ይቅር በለኝ ማለት ነውር ስለሆነ ሁሉም እንዲሰማ ጮኼ «ቶለሳ፣ በሐሰት ሌባ ብዬሃለሁ፤ በድያለሁ» አልኩ።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «እና ቋሚውን ይነቅሉልናል?»

«አልነቅልም።»

«እንዲያ ከሆነስ አልተለወጡም፤ ደህና ነዎት ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ይህን ሳቅ ዋጥኩት።

ከዚያ ወደ ኦቦ ድሪባ ቤት ዘለቅሁ። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብዬ ገባሁ፤ ከቤተሰባቸው ጋር ለበዓሉ ተቀምጠው ነበር። የሄድኩት ልለምን አልነበረም፤ ልናገር እንጂ። ቆራጮቹ የእኛው ልጆች እንደሆኑ፣ ያስቆረጣቸውም ምላሴ እንደሆነ ሳልቀንስ ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ብላ» አሉኝ። በላሁ። ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅሁም። እስከ አጥራቸው ሸኙኝና በሩን ዘጉ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 18

በሬዎቹ መጡ።

ማልጄ ጉቶው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሀብታሙና ጓደኞቹ ሳልጠራቸው አካፋና ዶማ ይዘው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። አልዞርኩላቸውም፤ ብዞር የምናገረውን አውቃለሁ። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆችም በሬ አይተው መንገዱ ላይ ተኮለኮሉ።

ኦቦ ድሪባ ማንንም ሰላም ሳይሉ ሞፈሩን ቀንበሩ ላይ አሰሩ፤ ጅራፋቸውን አጮሁ። ማረሻው ጥቁሩን አፈር ሲገለብጥ ልቤ አብሮ ተገለበጠ። ቃላቸው ነው፤ መሬታቸውን ይረሱ አልኩ። ግን ቁጣዬ አልበረደም። በልጆቹ ላይ ይሁን በራሴ ላይ ወይስ በእሳቸው ላይ፣ ለይቼ አላውቅም።

ቆይቼ ሳስተውል ማረሻው ገረጋንቲውን አልነካም። ጽዶቹ ቆመውበት በነበረው ጥግ ብቻ፣ ጉቶ ለጉቶ ተጠግቶ ሄደ፤ ጫፍ ሲደርስ ዞሮ በዚያው ተመለሰ። ከዚያ ኦቦ ድሪባ በሬዎቹን ፈቱ። ላባቸውን ጠርገው ወደ እኔ መጡ። ተማሪዎቹ በመንገዱ ላይ አለፉ።

«ኦቦ ድሪባ፣ መንገዱ ሳይታረስ ቀረ እኮ» አልኳቸው።

እንዲህ አሉኝ፦ «አርሳለሁ አልኩ፤ አረስኩ። ምን እንደምዘራበት የነገርኩህ ነገር የለም። ዝናቡ ሳይጨርስ ችግኝህን ይዘህ ና፤ እነዚህ ልጆች ይትከሉ፣ አንተ ውኃ አመላልስ። ስብከትህን ግን ቤትህ ትተኸው ና።»